ቋንቋን በስልክ ስታስተምሩ መጀመሪያ የስልኩን ባለቤት እወቁ

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ደሴ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። «ዙም ተጠቀሙ» የማይል ሰው አልነበረም። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። እኛ ጋ ግን እዚያም ሳይደርስ ወይ የልጁ ካርድ ያልቃል ወይ መብራት ይሄዳል። በቀጥታ ማስተማሩን ተዉት። ድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩ፣ ልጁ ሲመቸው ይስማው።

ከሁሉ በፊት ስልኩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ባቲ ወላጆቹ ጋ የገባ ተማሪ ነበረኝ፤ ሰኞ ሰኞ ድምፁ ይጠፋል። ሰንፎ አይደለም። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፣ ስልኩ ከአባትየው ጋር ገበያ ይውላል። አንዷ ደግሞ የምትጠቀመው በወንድሟ ስልክ ነው፤ ወንድምየው ባጃጅ ስለሚነዳ ከማታ በፊት አታገኘውም። በስም መጥሪያችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ስልኩ የማን? በስንት ሰዓት?» የሚል ጨምሩ። የቤት ሥራም ለነገ አትበሉ፣ ሳምንት ስጡ። በዚያ ዓመት ፋሲካ አለፍ ሲል ረመዳን ገባ። በማፍጠሪያ ሰዓት መልስ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ከተራዊህ፣ ከረመዳን የማታ ሶላት በኋላ ግን ይጎርፍላችኋል።

ለወላጅም ደውሉ። «ጋሼ፣ ልጁ ስልክ ይዞ ብቻውን ሲለፈልፍ ቢሰሙት አይቆጡት፣ ንባብ እየተለማመደ ነው» ስላቸው፣ «አብሽር መምህር፣ ማታ ማታ እሰጠዋለሁ» ያሉኝ አባት ቃላቸውን ጠብቀዋል።

አቀዳዱ ቀላል ነው። አንድ ድምፅ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ያስተምር። ከየዓረፍተ ነገሩ በኋላ ልጁ እንዲደግም ዝም በሉ፤ ዝምታው ለእናንተ ረጅም ይመስላል፣ ለእሱ ልክ ነው። የማይክሮፎኑን ምልክት ወደ ላይ ከገፋችሁት ጣታችሁን ብታነሱም መቅዳቱን ይቀጥላል። እኔ የምቀዳው ንጋት ላይ ነው፣ ከአዛኑ በኋላ፣ ባጃጆቹ ሳይነሱ። ጋቢ ተከናነቡና ቅዱ፤ የባዶ ክፍል ማስተጋባት ይቀንሳል። ለደሴ ብርድም አይከፋም።

በድምፅ ብቻ የማይሆን ነገር አለ። ምላስ በጥርስና በጥርስ መሐል ወጣ ብሎ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ (th) አማርኛ ውስጥ የለም። ልጆቹ «ዝ» ወይም «ስ» ይሉታል። መቶ ጊዜ ቢሰሙት ያው ነው፣ አፍ ማየት አለባቸው። ከአፍንጫ እስከ አገጭ ብቻ የሚያሳይ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ ቅዱ። ወደ መስኮት ዙሩ፣ ብርሃኑ ፊታችሁ ላይ ይረፍ። ስትልኩ ጥራቱን ቀንሱት፣ ካርድ ይቆጥባል። እውነቱን ለመናገር፣ ማስክ አድርጌ ክፍል ውስጥ ብቆም ይህን ማሳየት አልችልም ነበር።

እርማት በግል ብቻ! ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ልጅ ስህተቱ ከደወሉ ጋር ያልፍለታል፤ ግሩፕ ላይ ግን ድምፁ እዚያው ይቀመጣል፣ ጓደኞቹም እየከፈቱ ይስቁበታል። ዓይን አፋሮቹ ከዚያ በኋላ ድምፅ አይልኩም። ደህና ያለውን ንገሩት፣ አንድ ስህተት ብቻ ምረጡ፣ በራሳችሁ ድምፅ አስተካክላችሁ ላኩና እንደገና ይቅዳ። ሁሉንም ስህተት በአንዴ ካወረዳችሁበት አለቀ።

ስቲከር ከግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ዝጉ፤ ካልሆነ ትምህርቱ ስቲከር ውስጥ ይቀበራል። ለሰዋስው የቴሌግራም ኩዊዝ ጥሩ ነው፣ ግን ማርክ አትስጡበት፤ ይኮራረጃሉ። የንግግር ፈተና ከሆነ ደውሉና ሁለት ደቂቃ አዋሩት። ዳታም አይፈልግም።

ስልክ የሌለውን ልጅ ከሰፈሩ ልጅ ጋር አጣምሩት። በረንዳ ላይ ተራርቀው ተቀምጠው ድምፁን ጮክ አድርገው ይስሙ፤ መልሱን በዚያው ስልክ ይቅዳ፣ ሲጀምር ስሙን ይናገር። አለበለዚያ የማን ድምፅ እንደሆነ አይለይም።