ጅማ ላይ አርቲስት ስታስተናግዱ

ሠዓሊ ወይም ቀራጺ ለጥቂት ሳምንታት አርፎ ሥራውን የሚሠራበትን ፕሮግራም ሬዚደንሲ እንለዋለን። እኔ ጅማ በተከራየሁት ግቢ አራት ዙር አስተናግጃለሁ። ለመጀመር ለምታስቡ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከጥሪው ጀምሩ። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያወጣሁት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የመጡት አራቱም የአዲስ አበባ ልጆች ሆኑ። እዚህ አገር ብዙው ሰው ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከየም፣ ከዳውሮ፣ ከካፋ የመጣም አለ። አሁን ጥሪውን በአፋን ኦሮሞም እንጽፋለን። ፎርም መሙላት የሚከብደው ሰው ስለ ሥራው በቴሌግራም በድምፅ ይልክልናል።

በር ለኩ። በሁለተኛው ዙር ዊልቸር የምትጠቀም ሠዓሊ ተቀበልን። መኝታ ቤቱን አስተካክለን የሽንት ቤቱን በር ረሳነው። ዊልቸሯ 66 ሳንቲሜትር፣ በሩ 62። አናጺ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጎረቤት ቤት ተመላለሰች። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። እንግዳውን ከመቀበላችሁ በፊት ደውላችሁ ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቁት፤ ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ።

ታሪክ ሲባል ሁሉም ወደ ጅሬን ይወጣል። ይውጣ፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መታየት አለበት። እሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። ግን እንግዳችሁን የድሮው ገበያ ወደ ነበረበት ወደ ሂርማታም ውሰዱት። በዚያ ዘመን ገበያው ላይ ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህንን ሳትነግሩት ሰገነቱን ብቻ ካሳያችሁት ግማሹን ደብቃችሁበታል። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚህ አካባቢ ስንት ዘመን ከማዕድ ተገልሎ እንደኖረም ንገሩት። ከቻላችሁ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋን እራሷን ጋብዟት፣ እሷ ትናገር።

ከሁሉም የማይረሳኝ የበርጩማው ነገር ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። አንድ እንግዳችን አንድ አዛውንት ጠራቢ ዘንድ አምስት ቀን ተቀመጠ። አባባ በመጥረቢያ ግንዱን ከሥር እየፈለፈሉ እግሮቹን ሲያወጡ አየ፣ ቀረጸ፣ እሱም ሞከረ። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት አባባ ነጭ ለብሰው መጡ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በልጅ ልጃቸው አስነበቡና "ልጄ፣ የኔ ስም የቱ ጋ ነው?" አሉኝ።

የትም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሚያስተምር ባለሙያ ከእኛ ጋር ውል ይፈርማል። የቀን አበሉ ከእንግዳው እኩል ነው፤ ስሙም ከሥራው ጎን ይጻፋል። በጀት ስትሠሩ ይህንን መጀመሪያ አስገቡ። በኋላ "ከተረፈ" ከተባለ አይተርፍም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ሥጋ ከሆነ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ይሁን። የመጀመሪያው ማታ ሽሮ ይሻላል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

መክፈቻውን ሐሙስ አታድርጉት፣ ሰዉ ገበያ ነው። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ፣ ረመዳን ከሆነ ደግሞ ከአፍጥር በኋላ ጥሩ። ወንበር ስትደረድሩም የፊተኛውን ረድፍ ላስተማሩት ባለሙያዎች ያዙላቸው።