ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ የተሸሸገውን ኳስ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ስለ ማንቸስተር ሲቲ ሲወራ የሚነጋለት ደጋፊ ሞልቷል። አና ኮኔል ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ዝም ነው የሚለው። አና በማንቸስተር ዌስት ጎርተን ሰፈር የነበረው የሴንት ማርክ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ልጅ ናት። ሰፈሩ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚኖርበት፣ ድህነቱ፣ መጠጡና የጎረምሳ ድብድቡ ያስመረረው ሰፈር ነበር። በ1879 አና ለሰፈሩ ወንዶች ስብሰባ ጀመረች። በዓመቱ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1880፣ የአጥቢያው ልጆች ከማክልስፊልድ የመጣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቡድን ገጠሙና 2 ለ 1 ተሸነፉ። የአጥቢያው ልጆች ቡድን በ1884 ጎርተን፣ በ1887 አርድዊክ፣ በ1894 ደግሞ ማንቸስተር ሲቲ ተባለ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ መዛግብቱም የተጻፉት በዚያ ነው።)

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ክለብ አንድ ሁለት አይደለም። ኤቨርተን፣ አስቶን ቪላ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ፉልሃም፣ ቦልተን፣ ሴልቲክ፣ ሂበርኒያን፣ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው የተነሱት። እነዚህ ትልቅ የሆኑት ናቸው። ጥቂት ዓመት ተጫውተው የተበተኑ፣ ዛሬ ማንም የማያስታውሳቸው የአጥቢያ ቡድኖችም ነበሩ። የአንዱን ታሪክ ቆፍሮ ማውጣት የግድ የታሪክ ምሁር መሆን አይጠይቅም። ትዕግሥትና ኢንተርኔት ካላችሁ ትችላላችሁ፤ አካሄዱን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ክለቡን እርሱት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሩ። ክለብ ታሪኩን የሚጽፈው ለደጋፊው ነው፤ ተለቅሞና ተወልውሎ ነው የሚቀርበው። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ግን ልጆቹ የሚያባርሩት ኳስ ወደፊት ምን እንደሚሆን በማያውቅ ሰው እጅ የተጻፈ ነው፤ እኔ አብልጬ የማምነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አጣሩ። የየትኛው የእምነት ክፍል ነው? ትክክለኛ አድራሻው የት ነበር? መቼ ተሠራ፣ ፈርሶ ወይም ተዘግቶ ከሆነስ መቼ? ቀላል ይመስላል። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ኤቨርተንን ውሰዱ። ክለቡ ለረጅም ዘመን የተጫወተበት ጉዲሰን ፓርክ ጥግ ላይ፣ ከሁለት ትሪቡን መሃል ተሸጉጦ፣ ሴንት ሉክ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ፎቶውን ያየ ሰው «በቃ፣ ክለቡ የተመሠረተው እዚህ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን አይደለም። ሴንት ሉክ የአንግሊካን ነው። ኤቨርተንን የወለደው ሴንት ዶሚንጎ የሚባል የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ነው፤ ሌላ ቦታ የነበረ፣ ሕንፃውም ዛሬ የሌለ። ቡድኑ የተመሠረተው በ1878 ሲሆን ጉዲሰን የገባው በ1892 ነው። በመሃል አንፊልድ ላይ ይጫወት ነበር። ከሜዳው ባለቤት ከጆን ሆልዲንግ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ፣ ሆልዲንግ ባዶ ሜዳ ታቅፎ ላለመቅረት ሊቨርፑልን መሠረተ። አንድ የተሳሳተ ሕንፃ ይዛችሁ ብትጀምሩ ይህ ሁሉ ያመልጣችኋል። መዛግብቱንም የምትፈልጉት በማይገኙበት ቦታ ይሆናል፤ የአንግሊካንና የሜቶዲስት ወረቀት አያያዙ ለየቅል ነውና።

ቀጥሎ ክሪኬትን ፈልጉ። አዎ፣ ክሪኬትን። የሴንት ዶሚንጎ ልጆች በበጋ ክሪኬት ይጫወቱ ነበር፤ ኳስ የጀመሩት በክረምቱ ሰውነታቸው እንዳይሰንፍ ነው። አስቶን ቪላም በ1874 በቪላ ክሮስ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት የክሪኬት ልጆች ነው የተቋቋመው። የቪላ የመጀመሪያ ግጥሚያ ዛሬም ይገርመኛል። የገጠሙት አስተን ብሩክ ሴንት ሜሪ የተባለ የራግቢ ቡድን ነበርና የመጀመሪያውን አጋማሽ በራግቢ ሕግ፣ ሁለተኛውን በእግር ኳስ ሕግ ተጫወቱ። ቪላ 1 ለ 0 አሸነፈ። ያን ጊዜ ነገሩ ገና አልለየለትም ማለት ነው። ስለዚህ «እግር ኳስ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትፈልጉ፤ ክሪኬት፣ ጂምናስቲክ፣ የወጣቶች ማኅበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሽርሽር፣ ሁሉንም ሞክሩ።

ቀኑንም ልብ በሉ። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ልማዱም ቀስ እያለ ወደ ሌላው ሠራተኛ ተዛመተ። እሑድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ቡድን ጨዋታ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ የሚጫወቱት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጋዜጣ ስታገላብጡ ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት እትም ሁሉ እዩ፤ ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በእንግሊዝ የአጥቢያ አሮጌ መዛግብት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት በካውንቲው (እንደ ክፍለ ሀገር ያለ አስተዳደር ነው) ቤተ መዛግብት ነው። ምን እንዳለ ለማወቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የኢንተርኔት ካታሎግ የየካውንቲውንም ይጠቁማል። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ከሰፈሩ ጋር ጻፉና ፈልጉ፤ ያገኛችሁትን የመዝገብ ቁጥር ይዛችሁ በኢሜይል ኮፒ ጠይቁ።

ከሁሉም የምወደው የአጥቢያውን መጽሔት ነው። በየወሩ የሚታተም ትንሽ ነገር ነው፤ የጥምቀትና የቀብር ዝርዝር፣ የመዘምራን ማስታወቂያ፣ ለድሆች የተሰበሰበ ገንዘብ። ከነዚያ ሥር ነው አንድ ሁለት መስመር ስለ ልጆቹ ክለብ የምታገኙት፦ ማን ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፣ የአባልነት ክፍያው ስንት ነው፣ ልምምድ የት ነው። ሁለተኛው የጉባኤው ቃለ ጉባኤ ነው። እዚያ ውስጥ ስፖርት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ችግር ሲፈጠር ነው። አዳራሹ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ መስኮት ማን ሰበረ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው። አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ «ኳስ» የሚል ቃል ባታዩም «ወጣቶቹ አዳራሹን ማክሰኞ ማታ» የሚል ነገር ካያችሁ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ሦስተኛው የሒሳብ ደብተር ነው፤ የሜዳ ኪራይ እዚያ ይወጣል።

ከዚያ ጋዜጣ። የእንግሊዝ አሮጌ ጋዜጦች በስካን ተነስተው ኢንተርኔት ላይ አሉ። ትልቁ ክምችት ላይ መፈለግ በነፃ ነው፤ ገጹን ሙሉ ለማንበብ ግን ይከፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ በነፃ ፈልጋችሁ ቀኑንና የጋዜጣውን ስም ዝርዝር አውጡ፣ ከዚያ ለአንድ ወር ብቻ ከፍላችሁ ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ጨርሱት። እዚህ ላይ ትልቁ ወጥመድ ስም ነው። ሴንት ማርክ የሚባል ቤተ ክርስቲያን በየከተማው አለ፣ አንድ ከተማ ውስጥም ከአንድ በላይ ሊኖር ይችላል። ስሙን ስታዩ አትቸኩሉ። የተጋጣሚው ሰፈር የት ነው? ሜዳውስ? ሁለቱ ከእናንተ አጥቢያ ጋር ካልገጠሙ ወደ ጎን አድርጉት። ኮምፒዩተሩ የደበዘዘ ፊደል አጣሞ ስለሚያነብም የቡድኑን ስም ብታጡ በተጋጣሚው ስም ፈልጉ።

ጋዜጣው የተጫዋቾችን ስም ዘርዝሮ ካገኛችሁ ሥራው የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። ያንን ይዛችሁ ወደ ሕዝብ ቆጠራው ሂዱ። የ1881ዱ ቆጠራ የተካሄደው ኤፕሪል 3 ላይ ነው፤ ከሴንት ማርክ ያ ግጥሚያ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው። መረጃው በነፃ ይገኛል። ዕድሜ፣ ሥራ፣ አድራሻ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ሁሉ ተመዝግቧል። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ላይ ያ ስም ያለው ወጣት ወንድ ፈልጉ። ያገኛችሁት ሰው ትክክለኛው መሆኑን ለማረጋገጥ የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ መዝገብ ተመልከቱ። ከ1837 ጀምሮ መዝገቡ የሙሽራውን ሥራና የአባቱን ስም ይይዛል፤ ከታች ደግሞ ምስክሮች ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ የጋዜጣው ዝርዝር ላይ ያለ ስም ሆኖ ስታገኙት፣ አብረው የተጫወቱ ልጆች አብረው እንደኖሩ በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው።

ሜዳውን ለማግኘት የድሮ ካርታ ያስፈልጋል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የመላው ብሪታንያን አሮጌ የመንግሥት ካርታዎች በነፃ አስቀምጧል፤ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። የ1880ዎቹንና የ1890ዎቹን አወዳድሩ። ባዶ የነበረው መስክ ወዲያው ቤት ይሞላዋል። ክለቦቹ ለምን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሜዳ ይቀያይሩ እንደነበር ካርታው ራሱ ይነግራችኋል።

ሕንፃው ካለና መግባት ከቻላችሁ ግድግዳውን እዩ። የጦርነት ሰማዕታት ስም ዝርዝር፣ የመስታወት ሥዕል፣ የተሰቀለ ፎቶ። በዚህ ረገድ ጣሊያን ውስጥ፣ ከኮሞ ሐይቅ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ማዶና ዴል ጊዛሎ የምትባለውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል አላውቅም። በ1949 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የዚያችን ማዶና፣ ማለትም እመቤታችን ማርያምን፣ የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰየሟት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው በዝነኛ ተወዳዳሪዎች ብስክሌት ተሞላ፤ የፋውስቶ ኮፒ፣ የጂኖ ባርታሊ፣ የኤዲ መርክስ። ከነሱ መሃል በ1995 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ወድቆ የሞተው የፋቢዮ ካዛርቴሊ ብስክሌት አለ፤ እንደተጣመመ ነው የተሰቀለው። ያንን ዕቃ ማንም ወረቀት አይተካውም። በየአጥቢያው እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፣ ግን ካለ ፎቶ አንሱት፤ ጽሑፍ ካለበት ቃል በቃል ገልብጡ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጸሐፊ የሚያልፈውን ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ኳሱን ሁልጊዜ ባርኮ አልሸኘም። ቦልተን በ1874 የክራይስት ቸርች ቡድን ሆኖ ተነስቶ በ1877 ከቄሱ ጋር ተለያይቶ ነው ዛሬ የምናውቀውን ስም የያዘው። ቦሩሲያ ዶርትሙንድማ ይብሳል። ዲሴምበር 19 ቀን 1909 የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ክለብ ሊመሠርቱ መጠጥ ቤት ሲሰበሰቡ፣ ኳሱን አጥብቆ የተቃወመው ቄስ ሁበርት ዴዋልድ ስብሰባውን ሊበትን መጣ፤ በሩ ላይ አስቀሩት። በአንጻሩ ሴልቲክ በ1887 በግላስጎው የሴንት ሜሪ አዳራሽ ሲመሠረት የመሥራቹ የካቶሊክ ገዳማዊ የወንድም ዋልፍሪድ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ የድሃ ልጆችን ለማብላት ገንዘብ ማግኘት። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ጠብ ካገኛችሁ አትደብቁት። የመለያየቱ ዓመት ብዙ ጊዜ ክለቡ ስሙን የቀየረበት ዓመት ነው፤ ስም ሲቀየር ካያችሁ ወደ ቃለ ጉባኤው ተመለሱና ያን ዓመት በጥንቃቄ አንብቡ።

ስትጽፉ በዘመኑ ወረቀት ላይ ያለውንና በኋላ ሰው የተናገረውን ለዩ። የአና ኮኔልን ነገር እንደገና እዩት። ዛሬ ሲወራ ክለቡን ብቻዋን የመሠረተች ትመስላለች። ስብሰባዎቹን የጀመረችው እርሷ ናት፤ ያ የማይካድ ነው። የአጥቢያውን ስፖርት በማቋቋም ረገድ ግን ዊልያም ቢስቶው የተባለው የአጥቢያው አገልጋይ ስሙ አብሮ ይነሳል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ድርሻቸውን ሳትቀላቅሉ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከየትኛው መዝገብ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደመጣ ለራሳችሁ ያዙ፤ ከወር በኋላ አታስታውሱትም።

ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ አንድ ለቤተ መዛግብቱ ስጡ። ክለቡ ዛሬም ካለ ለእሱም ላኩ። የተጫዋቾቹን ስም እስከ ሥራቸውና እስከ ጎዳናቸው ጻፉት፤ የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ እናንተን የሚያገኙት በዚያ ነው፣ የቡድኑ ፎቶ ያለው ደግሞ ምናልባት እነሱ ጋ ነው።