የፀጉራችሁን ውፍረት በሌዘር እንዴት ትለካላችሁ?

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር እኛ ቤት ሆና ለፊዚክስ ፈተና ስታጠና የዲፍራክሽንን (የብርሃን መታጠፍን) ቀመር እንደ ውዳሴ ማርያም ስታነበንበው ሰማኋት።

"አይተሽው ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ምኑን ጋሼ?"

"ዲፍራክሽንን ነዋ።"

ሳቀች። የሚታይ ነገር አልመሰላትም።

ያን ለት ማታ መብራት ጠፋ። ለዚህ ሥራ ጨለማ ክፍል ስለሚያስፈልግ እንዲያውም ተመቸን።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። ሱቅ በደረቴ ይዘው ከሚዞሩት ልጆች የምታገኙት ቀይ የሌዘር ፔን፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ፕላስተር፣ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ እና አንድ ዘለላ ፀጉር። አረንጓዴውን ሌዘር ተዉት። ርካሹ አረንጓዴ ከተጻፈበት በላይ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ቀዩንም ቢሆን ወደ ሰው ዓይን ወይም ወደ መስታወት አታዙሩት። ይህ ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ሌዘሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ። 650 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሚል ቁጥር ካገኛችሁ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት እሱ ነው። አንዳንዶቹ ከ630 እስከ 680 ብለው ይጽፋሉ። መሀሉን ውሰዱ።

ቀጥሎ ፀጉሩ። ቅቤ ወይም ቅባት ካለው በሳሙና እጠቡት። የኛ ፀጉር ስለሚጠቀለል ዝም ብሎ አይቆምም። አንዱን ጫፍ ከሌዘሩ አፍ በላይ በፕላስተር አጣብቁ፣ ሌላውን ወደ ታች ወጥራችሁ ከአፉ በታች አጣብቁ። ፀጉሩ ቀዳዳውን መሀል ለመሀል መሰንጠቅ አለበት። እኛ ሦስት ጊዜ ሳትነው። በአራተኛው ተሳካ።

ሌዘሩን መጻሕፍት ደርድራችሁ ላያቸው ላይ አስተኙት። ቁልፉን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፤ በእጅ ከያዛችሁት ይንቀጠቀጣል። ከአፉ እስከ ግድግዳው ልክ 3 ሜትር ይሁን። ግድግዳው ላይ ነጩን ወረቀት ለጥፉና አብሩት።

ልጅቷ መሀል ላይ ቀጭን ጥላ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። ቀዩ ነጥብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግቶ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰለፈ። መሀሉ ሰፊና ደማቅ ነው። ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ደግሞ ጨለማ። ፀጉሩ የቆመው ሽቅብ ነው፣ ብርሃኑ የተዘረጋው ግን ወደ ጎን ነው። "ለምን ተበታተነ?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ሁለት ጠጠር ጎን ለጎን ወርውሩ። ክቦቹ እየሰፉ ይገናኛሉ። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ሲገጥም ውሃው ይበልጥ ይነሳል። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገጥም ይጠፋፋሉ፣ እዚያች ቦታ ላይ ውሃው ዝም ይላል። ብርሃንም ሞገድ ስለሆነ ፀጉሩን አልፎ ይታጠፋል፤ ዲፍራክሽን የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሲገናኝ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላው ይጠፋል፤ ይህኛው ኢንተርፈረንስ ነው።

ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1803 ለንደን ላይ ያቀረበው ሙከራም ከኛው ብዙ አይርቅም። ሌዘር ስላልነበረው በትንሽ ቀዳዳ የገባች የፀሐይ ጨረር ተጠቀመ። ጨረሯ ውስጥ ውፍረቷ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ የካርድ ቁራጭ አቆመ። ጥላዋ ውስጥ መስመሮች አየ። ከካርዷ በአንዱ ጎን የሚያልፈውን ብርሃን ሲጋርድ ግን እነዚያ መስመሮች ጠፉ። የሁለቱም ጎን ብርሃን ካልተገናኘ መስመር የለም ማለት ነው።

አሁን ልኬቱ። የጨለማዎቹን ቦታዎች መሀል በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከግራ ሦስተኛው ጨለማ እስከ ቀኝ ሦስተኛው ጨለማ ለኩና ለ6 አካፍሉ። አንዷን ብቻ ከመለካት ይህ ይሻላል፣ ስህተቱ ይቀንሳል። እኛ 156 ሚሊ ሜትር አገኘን። ለ6 ሲካፈል 26።

ሒሳቡ በጣም ቀላል ነው። ናኖ ሜትሩን በሜትሩ አባዙና ለሚሊ ሜትሩ አካፍሉ። መልሱ በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ይመጣል፣ ዜሮ መቁጠር የለም። 650 ሲባዛ በ3፣ 1950። ለ26 ሲካፈል 75። የልጅቷ ፀጉር 75 ማይክሮን ሆነ፣ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ።

የኔን ስናደርግ ነጥቦቹ ይበልጥ ተራራቁ። 26 የነበረው 32 ሆነ። "ያንተ ወፍራም ነው" አለች። ተሳስታለች። 1950 ለ32 ሲካፈል 61 ነው። ፀጉሩ በቀጠነ ቁጥር ብርሃኑ ይበልጥ ይሰፋል። ያነበነበችው ቀመር የገባት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተጠቀለለ ፀጉር ድፍን ክብ አይደለም፣ ጠፍጠፍ ይላል። ስለዚህ ዞር አድርጋችሁ ብትለኩት ቁጥሩ ትንሽ ይለወጣል።

አሮጌ ሲዲ ካላችሁ ደግሞ ሌዘሩን በቀጥታ አብሩበትና የሚመለሱትን ነጥቦች ግድግዳ ላይ ፈልጉ። ማንም ሰው በነጥቦቹ መንገድ ላይ አይቁም። ሲዲው ላይ ያሉት ጥቃቅን መስመሮች የሚራራቁት 1.6 ማይክሮን ነው፣ የዲቪዲ 0.74። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ከራቀ የሲዲው ቀጣይ ነጥብ ከመሀሉ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። የዲቪዲው ወደ 90 ይጠጋል።

ፖላራይዜሽንን፣ የብርሃን ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲርገበገብ፣ ለማየት በማግስቱ ሐይቅ ዳር ወረድን። የብርሃን ሞገድ የሚርገበገበው ከሚሄድበት መንገድ ወደ ጎን ነው፣ ግራ ቀኝም ላይ ታችም ሊሆን ይችላል። ከውሃ ላይ የሚያንፀባርቀው በአብዛኛው ግራ ቀኝ የሚለው ነው። ፖላራይዝድ መነፅር ይህንን ይከለክላል። ፀሐይዋ ጋደል ስትል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ሞክሩት። ነጸብራቁ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ሣር ይታያል። መነፅሩን 90 ዲግሪ ስታዞሩት ነጸብራቁ ተመልሶ ይመጣል።

የኔ መነፅር ግን ወዲህ ቢዞር ወዲያ ያው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የካልኩሌተር ስክሪን በመነፅሩ እያያችሁ አዙሩት። እውነተኛው ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ይላል። የኔን የሸጠልኝ ልጅ ጋ ተመልሼ ካልኩሌተሩን አሳየሁት። አየው፣ አዞረው፣ እኔንም አየኝ።

"ጋሼ፣ ግን እኮ ያምርብዎታል።"