ቁልቁለት ላይ ጥፍር እንዳይጠቁር
ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 4,430 ሜትር ከፍታ ካለው ከቧሂት ጫፍ ወደ ጨነቅ ካምፕ ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁር ነበር። ጫማው አልጠበበኝም፤ ዳገቱን ስወጣ ምንም አይለኝም። ጣጣው ቁልቁለት ላይ ነው፤ እግሬ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይላተማሉ።

መፍትሔው የጫማው ክር አስተሳሰር ላይ ተገኘ። መውረድ ከመጀመሬ በፊት ተረከዜን መሬት ላይ መታ መታ አድርጌ ወደ ኋላ አስጠጋዋለሁ። ይቺ ካልተደረገች የቀረው ልፋት ብቻ ነው። ከዚያ እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሁለቱን ክሮች ሁለት ጊዜ አጠማዝዤ ሳብ አደርግና ከላይ ባሉት መንጠቆዎች አስራለሁ። ጣቶቹ በኩል ላላ ይላል። ጥፍርም አስቀድሞ ማጠር አለበት። ካልሲ መደራረብ ግን ጭራሽ ያጣብባል።

አሁን ጣቴ ሰላም ነው። ለጉልበቴ ደግሞ ዱላ ይዣለሁ።