ቦሎቄው አልበስል እያለኝ

ወር ሳይጋመስ የአስቤዛ ብር ያልቅብን ነበር። ደረሰኞቹን ሳገላብጥ ገንዘቡን የሚጨርሰው የታሸገ ምግብ ነው። ደክሞኝ ስገባ፣ ልጆቹ ሲርባቸው፣ እጄ ወደ እሱ ይሄዳል። ደረቅ ቦሎቄ ርካሽ ነው፤ ግን ማን ቆሞ ይጠብቀዋል?

አሁን ቅዳሜ ማታ አንድ ኪሎ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ውሃ እጥደዋለሁ። መጀመሪያ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፤ በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ሆድ ክፉኛ ያማል። ቲማቲሙን ቀድሜ እጨምር ነበር። ለካ እንዳይለሰልስ የሚያደርገው አሲዱ ነው! አሁን በጣቴ ስጫነው ፍርክስ ሲል ነው የምጨምረው።

የ3 ቀኑን ፍሪጅ፣ የቀረውን በየእራቱ ከፍዬ ፍሪዘር አስገባለሁ። ትናንት እራት በ15 ደቂቃ ደረሰ። ትንሿ ልጄ «ድገሚኝ» አለች።