የዳርዊንን የእርባታ ደብዳቤዎች ለማንበብ ካሰባችሁ

የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ቻርልስ ዳርዊን የጻፋቸውና የተጻፉለት፣ እስከ ዛሬ የተገኙት ደብዳቤዎች 15,000 ገደማ ናቸው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧቸዋል። ከመጀመሪያው ጀምሬ እዘልቀዋለሁ ካላችሁ ግን ሳምንት ሳይሞላችሁ ትሰለቻላችሁ።

ይልቅ አንድ ሰው ምረጡና የሁለቱን ምልልስ ብቻ ተከተሉ። ለእርባታ ነገር የኔ ምርጫ ቴጌትማየር ነው፤ የዶሮና የርግብ ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ እንግሊዛዊ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ በጥያቄ ያጣድፈዋል፤ ይህ ዝርያ ከዚያ ጋር ሲዳቀል ጫጩቱ ማንን ይመስላል፣ ዲቃሎቹስ መልሰው ይራባሉ ወይ፣ ደግሞም ምርጥ ዘር የሆነ ዶሮ ወይም ርግብ ከሞተ አይጣል፣ አጥንቱን ስለምፈልገው ይላክልኝ እያለ። ያን የሚያህል ሰው የዶሮ ሬሳ ሲለምን ማንበብ ብቻውን ያዝናናል።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። ዳርዊን ብዙ ጊዜ ቀንና ወር ይጽፍና ዓመቱን ይተወዋል። በቅንፍ የገባ ዓመት ካያችሁ አዘጋጆቹ ከይዘቱ ተነስተው ያሰሉት ነው። አድራሻውም ይረዳል፦ እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ያለው ቤቱ አድራሻ መጀመሪያ በብሮምሊ ከተማ በኩል ይጻፍ ነበር፣ ቤከንሃም የሚል ካገኛችሁ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው።

ሌላው፣ ስለ ጂን የምታውቁትን ለጊዜው እርሱት። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል ስለ አተር ያጠናውን በ1866 አሳትሟል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አያውቁትም። ዳርዊን በ1868 ያወጣው ሐሳብ ፓንጀኔሲስ ይባላል፤ እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ደቃቅ ቅንጣቶች ይለቃል፣ እነሱም ተጠራቅመው ወደ ልጅ ያልፋሉ የሚል ነው።

እዚህ ጋ ነው ከቴጌትማየር ሌላ የሚጥም ምልልስ የሚመጣው። የዳርዊን ዘመድ ፍራንሲስ ጋልተን ቅንጣቶቹ በደም ይዘዋወሩ እንደሆነ ልፈትን ብሎ የአንዱን ዝርያ ጥንቸል ደም ለሌላው ሰጠ፣ ከዚያ አራባቸው። ግልገሎቹ ምንም ቅይጥ አላሳዩም። ጋልተን በ1871 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ ዳርዊን ኔቸር መጽሔት ላይ፣ እኔ ስለ ደም መች አወራሁ የሚል መልስ ጻፈ። ይሄን መልስ ለብቻው ካነበባችሁት ነገሩ ድንገት የደረሰበት ይመስላችኋል። ስለዚህ ከ1869 መጨረሻ ጀምሮ ሁለቱ በግል የተጻጻፉትን አጠገቡ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ዳርዊን ሙከራውን ከጅምሩ ያውቃል፣ የጥንቸሎቹንም ወሬ ይከታተላል። ቅር አለው እንጂ ቂም አልያዘም፤ ከኔቸሩ ክርክር በኋላ እንኳ ሙከራው ቀጥሎ ጥንቸሎቹ እሱ ግቢ ይረቡ ነበር።