የ1964ቱን የሮክ ዘፈን በሬጌ ምት፦ በቤት ውስጥ ለሚቀርጽ ሙዚቀኛ

የታወቀ የሮክ ዘፈንን ወደ ሬጌ ለመመለስ የሚነሱ ብዙ ሙዚቀኞች ሥራውን የሚጀምሩት ከጊታሩ ነው። ጊታሩን «ቻክ ቻክ» ያሰኙና ከበሮውንና ቤዙን እንደነበሩ ይተዉአቸዋል፤ ውጤቱም ሬጌ ሳይሆን የሬጌ ጊታር የተለጠፈበት ሮክ ይሆናል። ሥራው መጀመር ያለበት ከታች፣ ከከበሮና ከቤዝ ነው። ጊታር፣ ኦርጋንና ድምፅ የሚገቡት እነዚህ ሁለቱ ሆን ብለው ክፍት በሚተዉት ቦታ ላይ ነው።

ለማሳያ የምንወስደው ዘ አኒማልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣውን «ዘ ሃውስ ኦቭ ዘ ራይዚንግ ሰን» ነው። ኮርዶቹ ጥቂት ናቸው፤ መሠረቱ ኤ ማይነር በመሆኑም ለሬጌ የሚስማማ ትካዜ አለው። ከዚህም በላይ ባንዱ ከመቅረጹ አስቀድሞ በአሜሪካ ሲዘፈን የኖረ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በሸክላ የተቀረጸ፣ ደራሲው የማይታወቅ የሕዝብ ዘፈን ስለሆነ፣ ዜማውን በራስ አቀነባበር መሥራት ባለቤት እንዳላቸው ሌሎች የሮክ ዘፈኖች የፈቃድ ጣጣ አያበዛም።

የአኒማልስ ቅጂ የሚሄደው በስድስት ስምንተኛ የምት አቆጣጠር ነው፤ አንድ ኮርድ ለአንድ ባር፣ ማለትም ለአንድ ሙሉ የምት ዙር፣ ይቆይና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን ወደ አራት አራተኛ ለመለወጥ ኮርዶቹን መነካካት አያስፈልግም፤ ስድስት ይቆጠርበት የነበረው ባር አራት ይቆጠርበታል እንጂ አንድ ኮርድ በአንድ ባር መሆኑ አይቀየርም። በስድስቱ ውስጥ ጎላ ብለው የሚሰሙት አንደኛውና አራተኛው ምቶች በአዲሱ አቆጣጠር አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ይወድቃሉ፤ የሬጌ ከበሮ ክብደቱን የሚያሳርፈውም በሦስተኛው ላይ ስለሆነ ዜማው ሳይጎተት ይገጥማል። ሜትሮኖሙን በደቂቃ 140 ላይ አድርገው ሌላ መሣሪያ ሳይጨምሩ ዘፈኑን ከላይ እስከ ታች ደጋግመው ይዝፈኑት። በችክችካ ያደገ ጆሮ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባል፦ ስድስቱን ቁጥር ከልጅነቱ ስለሚያውቀው፣ እጁም እግሩም ሳይታወቀው ወደዚያው ያዘነብላል፤ የሬጌው ጊታርም በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ዘግየት እያለ ይመታል።

ከበሮውን በኮምፒውተር ማቀናበር ይቻላል። የቦብ ማርሌይ ባንድ የዘ ዌይለርስ ከበሮ መቺ ካርልተን ባሬት ያስታወቀው ዋን ድሮፕ የሚባለው አመታት የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተወዋል፤ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና ስኔሩ (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ) አንድ ላይ በሦስተኛው ምት ላይ ይወድቃሉ፤ ስኔሩም ቆዳው ሳይሆን ጠርዙ ነው የሚመታው። ሃይሃቱ (ጥንዱ ሳህን) በየግማሽ ምቱ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሁሉም ምቶች እኩል ጉልበት ካላቸው የማሽን ድምፅ ስለሚሆኑ ጉልበታቸውን ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ በምቶቹ መካከል ያሉትንም ከፕሮግራሙ የጊዜ ፍርግርግ ትንሽ ማዘግየት ያስፈልጋል። ዘፈኑን በአጭር የከበሮ ጥሪ ማስጀመር ደግሞ ከጃማይካ የመጣ መልካም ልማድ ነው፤ አይዝለሉት።

አሁን ወደ ቤዙ እንምጣ፤ ጊዜዎን አብዛኛውን ሊወስድ የሚገባው እሱ ነው። የቤዝ ጊታሩን የቶን ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ዝጉና ክሩን በአንገቱ በኩል በአውራ ጣት ይምቱ፤ ከብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ ቢያስገቡ ድምፁ አጠር ብሎ ይወፍራል። ቤዙ የሮክ ቤዝ እንደሚያደርገው በየምቱ መሠረታዊውን ኖታ እየደበደበ መሄድ የለበትም። በኤ ማይነር ባር ላይ በአንደኛው ምት ዝም ብሎ በሁለተኛው ኤ፣ በሦስተኛው ሲ፣ በአራተኛው ኢ ሊጫወት፣ ቀጥሎ በሚመጣው የሲ ባር ላይ ደግሞ አንዲት ሲ አርዝሞ ይዞ የቀረውን ዝም ሊል ይችላል፤ አንድ ባር ተናግሮ አንድ ባር ማረፍ ማለት ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ባር ላይ ይህ ዘፈን የተለየ ጣዕሙን ያሳያል፤ የዲ ኮርድ ሜጀር ስለሆነ ውስጡ ኤፍ ሻርፕ አለ፣ ወዲያው የሚከተለው ግን ኤፍ ነው። ያ የግማሽ ድምፅ መውረድ በአኒማልስ ቅጂ በጊታሩ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል፤ እርስዎ ግን የዲውን ባር በኤፍ ሻርፕ ጨርሰው የሚቀጥለውን በኤፍ ቢጀምሩት አድማጩ በግልጽ ይሰማዋል። በእኔ አስተያየት የዚህ ቅጂ ዋና ሥራ ይህቺ አንዲት እርምጃ ናት።

ከዚያ አንድ የሚከብድ ውሳኔ ይመጣል። ዘፈኑን በዓለም ሁሉ ያሳወቀው የባንዱ ጊታሪስት የሂልተን ቫለንታይን ጊታር ኮርዶቹን አንድ በአንድ እየበተነ የሚጫወተው መግቢያ ነው፤ እሱን ከሬጌው ጊታር ጋር አብሮ ማስኬድ ግን ቤዙ የተወውን ክፍት ቦታ በሙሉ ይሞላዋል። ስለዚህ ይውጣ፤ ቢበዛ ከበሮው ከመግባቱ በፊት አራት ባር ተሰምቶ ይጥፋ። የሚተካው ጊታር በላይኞቹ ሦስት ወይም አራት ክሮች ብቻ፣ ያለ ዲስቶርሽን፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይመታል፤ ድምፁን የሚያሳጥረው ክሩን የሚመታው እጅ ሳይሆን ኮርዱን የያዘው እጅ ነው፣ እንደተመታ ወዲያው ይላላል። ኦርጋኑ ከጊታሩ ሥር ዝቅ ብሎ በምቶቹ መካከል እየፈላ ይሄዳል። በአኒማልስ ቅጂ አለን ፕራይስ በኤሌክትሪክ ኦርጋን የተጫወተውን ሶሎ ግን በአፍ እየተነፋ በቁልፎች ለሚጫወቱት ለሜሎዲካ መስጠት ይሻላል፤ አውገስተስ ፓብሎ በሬጌ ውስጥ ያስከበረው ይህ መሣሪያ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ለማይነር ዜማም ተወዳዳሪ የለውም።

ስለ መቅረጫ ቦታው ብዙ መጨነቅ አያሻም። የጃማይካው የድምፅ መሐንዲስ ኪንግ ተቢ በኪንግስተን ዋተርሃውስ ሰፈር ይሠራ የነበረው በገዛ ቤቱ ነበር፤ ድምፃውያኑም የሚቀረጹት ቀድሞ መታጠቢያ ቤት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮዲውሰሩ ሊ ፔሪም እ.ኤ.አ. በ1973 ብላክ አርክ የተባለውን ስቱዲዮ የሠራው በጓሮው ሲሆን ብዙ ሥራዎቹን የቀረጸው በአራት ትራክ ማሽን ነበር። ዛሬ ሁለት መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክና የተዘጋ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ዳይናሚክ ማይክን ከኮንደንሰር የምመርጠው የመንገዱንና የጎረቤቱን ድምፅ ያን ያህል ስለማይሰበስብ ነው። ከድምፃዊው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ይቅረጹ፣ ያንን ድምፅ የሚያጠፋ ሶፍትዌር ዘፈኑንም አብሮ ያበላሸዋልና። በ24 ቢት ቀርጸው ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች በ10 ደሲቤል አካባቢ እንዲቆም ያድርጉ።

አዘፋፈኑን በተመለከተ የአኒማልሱን ድምፃዊ የኤሪክ በርደንን ጩኸት መቅዳት አያዋጣም። እሱ እየጨመረ የሚሄደው ባንዱ አብሮት እየጨመረ ስለሚሄድ ነው፤ ሬጌው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጉልበት ስለሚራመድ ድምፃዊው ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ፣ በተረጋጋ ድምፅ ሊዘፍን ይገባል። የጃማይካን አነጋገር ማስመሰልም ከሩቁ ያስታውቃል።

በሚክሱ (ትራኮቹን በማዋሐዱ ሥራ) ላይ መጀመሪያ ቤዙንና ኪኩን ብቻ ከፍተው ያስተካክሉ። ከጊታሩ ከ250 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ከድምፃዊው ድምፅም ከ90 በታች ያለውን ይቁረጡ። ኤኮውን በሁሉም ነገር ላይ አይጫኑት፤ በተለየ ትራክ ላይ አድርገው የአንድ ስንኝ መጨረሻ ቃል ወይም አንዲት የስኔር ምት ብቻ ይላኩለት። በ140 ፍጥነት አንድ ምት 429 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ኤኮው በአንድ ምት ተኩል፣ ማለትም በ643 ሚሊሰከንድ ቢመለስ በምቶቹ መካከል ስለሚወድቅ ከከበሮው ጋር አይጋጭም። ቤዙ በስልክ ስፒከር ላይ ከጠፋ ድምፁን አይጨምሩ፤ ቀለል ያለ ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያሻክር ኢፌክት) ሲጨመርበት ትንሽ ስፒከር ሊያወጣቸው የሚችላቸው ከፍ ያሉ ድምፆች ስለሚፈጠሩ ይሰማል፣ በሚኒባስ ስፒከር ላይ ደግሞ አይነፋም።

ሥራውን ወደ ኢንተርኔት ከመጫንዎ በፊት ከአኒማልስ ቅጂ የተቆረጠ አንዳች ድምፅ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ዘፈኑ የሕዝብ ቢሆንም የ1964ቱ ቀረጻ ባለቤት አለው። የሌላ ደራሲ ዘፈን ከመረጡ ደግሞ የከቨር (የሌላን ሰው ዘፈን እንደገና የመሥራት) ፈቃድ በሚያስጨርስ አከፋፋይ በኩል ይላኩት። ፋይሎቹንም ከመዝጋትዎ በፊት የድምፃዊውን ትራክ ዘግተው ቤዝና ከበሮ ብቻ የቀሩበት፣ ጊታሩና ሜሎዲካው በኤኮ ብልጭ ብለው የሚጠፉበት አንድ የደብ ቅጂ ያውጡ፤ ትራኮቹ ተዘጋጅተው ስላሉ የሚጠይቀው ዘፈኑን አንዴ እያጫወቱ ፌደሮቹን (የድምፅ ማንሻና መቀነሻዎቹን) በእጅ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።